ሳሩን አይርገጡ

ሰው የሚያፍርበትን ነገር አስተካክሎ መምረጥ ቢችል ኖሮ ስንቱ ጉድ ይቀር ነበር! የሽንኩርት ነጋዴው አስፋው ያፈረው በአባቱ ግቢ ነው። ያውም ማንም ክፉ ሳይናገረው፣ በአንድ ቀልድ።

ኪዳነወልድ የሚባል የአዲስ አበባ ደንበኛ አለው፤ አስፋው ከመቂ የሚያስጭነውን ሽንኩርት የሚረከበው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ላንጋኖ ወስዶ ጋበዘው። ሐይቁ ዳር ያለው ሎጅ ሳሩ የተከረከመ፣ መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈ፣ አበባው ከዚህም ከዚያም የፈካ ነበር። አስፋው ዓሣውን ትቶ ሳሩን ሲያይ ዋለ። ሲመለሱ አዳማ ላይ አስፋው ቤት ጎራ አሉ። ኪዳነወልድ ከመኪናው ወርዶ ከአጥር በሩ እስከ በረንዳው የተዘረጋውን ባዶ ሜዳ ሲያይ ሳቁ መጣ።

«አስፋው ሙት፣ ይሄ እኮ ግቢ አይደለም፣ መናኸሪያ ነው! አውቶቡስ ብቻ ነው የጎደለው።»

አስፋውም አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን በሩን ከፍቶ በገባ ቁጥር የሚታየው መናኸሪያ ሆነ፤ እንግዳ ይዞ መምጣትም አስጠላው።

ሜዳው ምን እንደነበር እኔ ልንገራችሁ፣ እሱ ለመናገር አፍሯልና። ሰፈሩ ተዳፋት ላይ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከላይ ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ መውረጃው እሱ ነው። የአብዛኛው ሰው ቤት ከበሩ ሲወጡ ቀጥታ መንገድ ላይ የሚጥል፣ ግቢ ቢኖረውም በግ ለማሰር የማይበቃ ነው። የአስፋው አባት ቤታቸውን ሲሠሩ ወደ ኋላ ገፍተው ሠሩና ፊት ለፊቱን ሆን ብለው ክፍት ተዉት። «የሰፈሩ ድንኳን እዚህ ይተከል» አሉ። በግንቡ ላይ ዙሪያውን የድንኳን ገመድ ማሰሪያ የሚሆኑ የብረት ቀለበቶች አስቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ሠርጉም ልቅሶውም እዚያው ሆነ። አስፋው ራሱ የተዳረው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። አባቱም የተለቀሰላቸው እዚያው ነው። ያን ጊዜ ጎረቤታቸው አዴ ዲንቄ፣ የኦቦ ጫምሳ ባለቤት፣ በየማለዳው ለቀስተኛ ሳይመጣ ሜዳውን ውሃ እየረጩ ይጠርጉ ነበር። «አቧራው ሐዘንተኛው ላይ እንዳይነሣ» ይሉ ነበር።

እንግዲህ መናኸሪያ የተባለው ይሄ ነው።

አስፋው ግቢ የምታሳምር ባለሙያ አስመጣ፤ ኢሕሳን ትባላለች። ኢሕሳን ዝም ብላ አበባ የምትተክል ልጅ አይደለችም። ፀሐዩ ጧት የት፣ ከሰዓት የት እንደሚያርፍ አየች፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ጠየቀች፣ ንፋሱ ከየት በኩል እንደሚበረታ ጠየቀች። ከዚያ መሃል ሜዳው ላይ ቆመች።

«ጋሽ አስፋው፣ ይሄ ቦታ አሁን ለምን ያገለግላል? መጀመሪያ እሱን ካላወቅኩ የምሥለው ሁሉ ዋጋ የለውም።»

የአስፋው እናት ወይዘሮ ሮማነወርቅ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

አስፋው ፊቱ ቀላ። እዚች የተማረች ልጅ ፊት «የእድር ድንኳን መትከያ ነው» ሊል? የኪዳነወልድ ሳቅ ጆሮው ላይ አቃጨለ።

«ለምንም» አለ። «ባዶ ነው።»

«እነዚህ ግንቡ ላይ ያሉት ቀለበቶችስ?»

«እሱማ... የልብስ ማስጫ ገመድ ይታሰርባቸው ነበር።»

ዓይኑን ሳያሽ! የአባቱን ብረት የልብስ ማስጫ አለው። ኢሕሳን ወደ በረንዳው ዞር ብላ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ቢሆን ይወዳሉ?» ብትላቸው፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ ምስራቸው አጎነበሱ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ግቢው የሱ ነው።»

አስፋው ይሄን ፈቃድ ነው ብሎ ወሰደው። አይ አስፋው! እናት «የሱ ነው» ስትል መረቀች ማለት ነው ያለህ ማን ነው?

ኢሕሳን ሁለት ዓይነት ንድፍ ሠርታ መጣች። በአንደኛው አትክልቱ ግንቡን ተከትሎ ዙሪያውን ይሄዳል፣ መሃሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎበት ክፍት ይቀራል። «መሃሉን ክፍት መተው ጥሩ ነው፤ ግቢ ሰው ይመጣበታል» አለችው። ሁለተኛው መሃሉን በሳርና በአበባ መደብ የሞላ፣ ትንሽ ኩሬ ያለው፣ ከበሩ እስከ በረንዳው በሳሩ ላይ ነጠላ ነጠላ የመረገጫ ድንጋይ የተዘረጋበት ነበር። አስፋው የመጀመሪያውን ገና ሳያየው ገፋው። ክፍት የሚባል ነገር መስማት አልፈለገም።

ቁፋሮው ሲጀመር ኦቦ ጫምሳ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ አስፋውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ጂርታ አስፋው? በርታ፣ በርታ። እንዴው ግን... ድንኳኑስ?»

«ኦቦ ጫምሳ ደግሞ! አሁን እኮ ጊዜው የአዳራሽ ነው። ድንኳን ድሮ ቀረ።»

«እንዲያ ነው?» አሉ ኦቦ ጫምሳ። ቁልቁል መንገዱን አዩና «እኛ ሰፈር አዳራሽ ተሠራ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። የምራቸውን ነበር የጠየቁት። አስፋው ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ጓሮ ሄደ።

ግቢው አለቀ፣ አማረም። አላማረም ብል ሐሰት ነው። ሳሩ ለምለም፣ ቦጋንቪሊያው ግንቡ ላይ የፈሰሰ፣ ኩሬው ውስጥ ቀያይ ዓሦች። የአበባ ማሰሮዎቹ የተንጠለጠሉት በእነዚያው በአባቱ ቀለበቶች ላይ ነው። ሚስቱ ሶፊ ፎቶ አንሥታ አልጠገበችም። ኪዳነወልድ መጥቶ «አሁን ቤት ሆነ!» አለ። አስፋው ደረቱን ነፋና በሩ አጠገብ ምልክት አስተከለ፦ ሳሩን አይርገጡ።

ሐምሌ ገባ። አዴ ዲንቄ ታመው ነበር፤ አንድ ማለዳ አረፉ።

አስፋው ጩኸቱን ሰምቶ ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ሽቅብ እየመጡ ነው። ከፊት ያለው የእድሩ ዳኛ ወዬሳ ነበር። የኦቦ ጫምሳን ቤት አልፈው ቀጥታ ወደ አስፋው በር ታጠፉ። አንደኛውን የበር ተካፋች በትከሻቸው ገፍተው ገቡ፣ ሁለት ርምጃም አልሄዱ፣ ቆሙ። ብረቱን እንደተሸከሙ ሳሩን አዩ፣ ኩሬውን አዩ፣ ምልክቱን አነበቡ።

«ይቅርታ አስፋው» አለ ወዬሳ። «እግራችን ለምዶ ነው።»

ወደ ኋላቸው እየተጠነቀቁ ወጡ፤ ብረቱ አበባ እንዳይነካ አንዱ ለሌላው «ቀስ፣ ቀስ» እያለ። ወዬሳ በሩን ራሱ መልሶ ዘጋው።

ቢሰድቡት በተሻለው! «አንተ ጉረኛ» ቢሉት መልስ አያጣም ነበር። ይቅርታ ሲጠይቁት ግን ምን ይበል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን የቱ መሬት? እሱም ሳር ለብሷል።

ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ። ተዳፋት ስለሆነ አልቆም ብሎ ሲያስቸግር ረፈደ። ገመዱን አንዱን ከመብራት እንጨት፣ ሌላውን ከድንጋይ አሰሩት። ግማሹ ለቀስተኛ ከድንኳኑ ውጭ ቆመ። አስፋው ሲደርስ ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። «ና፣ እዚህ ተቀመጥ፣ እዚህ ይሻላል» አሉት። ኩምሽሽ ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ከቀብር መልስ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ከዚያ ጎርፉ መጣ። የአዳማን ጎርፍ ለሚያውቅ አይነገረውም። ከላይ ላስቲኩን፣ ገለባውን፣ ጭቃውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ድንኳኑ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው አግዳሚ ወንበር ላይ ወጡ። ኦቦ ጫምሳ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። በሚስታቸው ልቅሶ ላይ፣ እግራቸው ጭቃ ውሃ ውስጥ፣ እንደተቀመጡ ቀሩ። አስፋው ያን እግር አየ። አዴ ዲንቄ በአባቱ ልቅሶ ውሃ እየረጩ ሲጠርጉ ታዩት፣ አቧራ እንዳይነሣ።

ከዚያ በላይ አልቻለም። ሮጦ በሩን በሰፊው በረገደው።

«ግቡ! በረንዳው ላይ ግቡ! በእናታችሁ፣ ግቡ!»

ተያዩ። መጀመሪያ ወዬሳ ተነሣ። ኦቦ ጫምሳን ደግፎ እስከ በሩ አመጣቸው። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆም አሉና ጎንበስ ብለው ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አወለቁ፣ በእጃቸው ያዙ፣ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ረገጡ። ከዚያ ሁለተኛዋን። ከኋላቸው ያለውም ጫማውን አወለቀ። ከኋላው ያለውም። ዝናቡ እየወረደባቸው፣ የሰፈሩ ለቀስተኛ በሙሉ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተራመደ ገባ። ሳሩን የነካ አንድ ሰው የለም።

«ርገጡት!» ብሎ ጮኸ አስፋው። «ግድ የለም፣ በሳሩ ላይ ኑ፣ ርገጡት!»

ማንም አልረገጠም። ምልክቱን ነቅሎ ወረወረው። ሳሩ ላይ ገባ፣ የአበባውን መደብ በጫማው ደፈጠጠ፤ «ይኸው! እንዲህ!» እያለ። ሰዉ እንዳላየ ሆኖ ዓይኑን መለሰ። ኦቦ ጫምሳ ከድንጋያቸው ላይ ሳይወርዱ እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ። ደክመህበታል።»

ዛሬ ሚስታቸውን የቀበሩ ሰው እሱን ያጽናናሉ! አስፋው ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ የሚያለቅሰው ለአዴ ዲንቄ ይሁን ለራሱ፣ እሱም አላወቀም።

ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ በሩ ላይ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ እናቱ። ነጠላቸው በዝናብ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል። እሳቸውም በገዛ ቤታቸው በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይዘዋል። አስፋው እጃቸውን ሊይዝ ሮጠ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን አልተንቀሳቀሱም። የድንጋዮቹን ተርታ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዩ ነበር።

«ዲንቄን ዛሬ ግራና ቀኝ ሆነው ተሸክመው አወጧት» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። «ይሄ ያንተ መንገድ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። እኔን በየት በኩል ልታወጡኝ ነው፣ አስፋው?»

አስፋው ወደ ድንጋዮቹ ዞረ።