ሰማያዊው ሳጥን

"ኪኒኗን ሳታቋርጥ ነው የምትወስደው?"

ሐኪሙ ይህን ሲጠይቅ ዓይኑን ከልጅቷ ላይ አላነሣም። እናትየዋ አጎንብሳ የልጅቷን ጫማ መፍታት ያዘች። ልጅቷ ጎማ በተነጠፈበት አልጋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ከቤት ጀምሮ ሲያንፈራግጣት የቆየው በሽታ በመርፌ ተገትቷል፤ እሷ ግን አልነቃችም። ምላሷን ነክሳው ስለነበር ከከንፈሯ ጥግ ደም የነካው ለሃጭ ይወርዳል።

ባልየው በሚስቱ ፈንታ መለሰ።

"እናቷ ናት በእጇ የምታውጣት፣ ዶክተር። አንድ ቀን አጓድላባት አታውቅም። እኔ ሹፌር ነኝ፤ ስወጣ ስገባ ነው የምውለው። ይቺ ልጅ እስከ ዛሬ የቆመችው በእሷ ጥንቃቄ ነው።"

ሙገሳው እናትየዋን ከስድብ በላይ አቃጠላት።

"እንግዲያው ኪኒኑ አልያዛትም ማለት ነው" አለ ሐኪሙ። "ጠንከር ያለ መድኃኒት እንጨምርላታለን።" የልጅቷን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጎ አየና ግንባሩን ቋጠረ። "ዓይኗ ወይቧል። የደም ውጤቷ ይምጣና እንጀምራለን።"

ልጅቷ ኪኒኑን ከተወች ሰንብታለች። ያስተወቻትም እናትየዋ ራሷ ናት።

ልጅቷን ቤተሰቡ "ድንቢጥ" ነው የሚላት። ሕፃን ሳለች አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ አታውቅም ነበር። የሚጥል በሽታ ጀመራትና ሆስፒታል ኪኒን ሰጣት። ኪኒኑ መውደቁን አስቀረላት፤ በምትኩ እንቅልፍ ጫነባት። ክፍል ውስጥ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። ልጆቹም "ፍራሽ" የሚል ስም አወጡላት።

"እማ፣ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር" አለቻት አንድ ቀን። "የወደቀ ሰው ይነሣል። እኔ ግን ቁጭ ብዬም አልነቃም።"

ይህች ንግግር ከእናትየዋ ሆድ አልወጣ አለች። ሰሃን ስታጥብ ትሰማታለች፤ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትሰማታለች።

የምትሠራው ደግሞ ለመድኃኒትነት የሚታሰቡ ቅጠሎችና ሥሮች በአይጥ ላይ በሚሞከሩበት ላቦራቶሪ ነው። ሳጥን ታጸዳለች፣ ሰጋቱራ ትቀይራለች፣ የአይጦቹን የውኃ ጠርሙስ ትሞላለች። ከእሷ ጋር የሚሠራው ጎልማሳ ወሬው ስለማያልቅ ስሙን ትተው "ሬዲዮ" ይሉታል።

"ድሮ አይጥ ሰው ሲመጣ ትሸሽ ነበር" ይላል ሬዲዮ ሰጋቱራውን እየዛቀ። "ዛሬ ተቀምጣ የምታዘን ሆነች። ዘመን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ማለት ይሄ ነው።"

ከክረምቱ ጀምሮ ይሞከር የነበረው ለሚጥል በሽታ ይሆናል የተባለ ቅጠል ነው። በጥላ ደርቆ በጆንያ ይመጣል፤ ይፈጫል፣ በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ ይጠልላል። አልኮሉ ሲተን ከሥሩ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቀራል። ተመራማሪዋ አይጦቹን በሦስት ሳጥን ከፍላ ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ምልክት ለጠፈችባቸው። የትኛው ሳጥን ምን እንደሚሰጠው ግን ለእናትየዋና ለሬዲዮ አትናገርም።

"ካወቃችሁ ዓይናችሁ የፈለገውን ነው የሚያየው" ትላቸዋለች። አይጦቹ መድኃኒት የሚጋቱባቸው ሲሪንጆች እንኳ የያዙት ቀለም እንዳይታወቅ በወረቀት ተጠቅልለው ይገባሉ።

ከዚያ አይጦቹ ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ መርፌ ይወጋሉ። የነጩ ሳጥን አይጦች እግራቸው ተገትሮ ያልቃሉ። ከቀዩ ገሚሱ ይተርፋል፣ ገሚሱ ይሞታል። የሰማያዊውን ሳጥን አይጦች ግን ምንም አይነካቸውም። እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ ጸጥ ይላሉ። ተመራማሪዋ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት፤ ሰማያዊው ሳጥን ጋ ስትደርስ ግን ፈገግ ትላለች። እናትየዋ ያቺን ፈገግታ አየች። መድኃኒቱ ይህ ነው፣ ቅጠሉ ይህ ነው አለች በልቧ።

"ሬዲዮ፣ ሰማያዊው ቅጠሉን የሚወስደው ነው አይደል?"

"እኔ በምን አውቃለሁ? የሴትዮዋን ጥርስ ያየነው ግን በሱ ነው። ሰው የደከመበት ነገር ሲያፈራ ካልሣቀ መቼ ሊሥቅ ነው?"

ይህ በቃት። ከጆንያው እፍኝ እፍኝ እየዘገነች በሻሿ ቋጥራ ወሰደች። አፍልታ፣ በማር አጣፍጣ ለድንቢጥ አጠጣቻት፤ ኪኒኑን ቁም ሣጥን ላይ ወረወረችው። ለባሏ አልነገረችውም። የእሱ ታላቅ ወንድም የሞተው ሰው የሰጠውን የሥር መድኃኒት ጠጥቶ ነው፤ የቅጠል ወሬ ሲነሣ ከገበታ ይነሣል።

ልጅቷም ነቃች። ጥያቄ መለስኩ ብላ ከትምህርት ቤት እየሮጠች የገባች ቀን እናትየዋ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቆይቶ ግን ምግብ ይዘጋት ጀመር፤ ዓይኗ ደፈረሰ። "ጉንፋን ነው" አለች እናትየዋ፤ እንዲሆንላት ስለፈለገች ሆነላት።

አሁን ግን ልጅቷ ወድቃለች።

"ልብስ ላምጣላት" ብላ ከሆስፒታሉ ወጣች። ቤቷ አልሄደችም። ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው፤ እየሮጠች ገባች። ያ ሁሉ አይጥ በቅጠሉ ከዳነ የእኔ ልጅ ምን ሆና ነው? አፈላሏ ይሆን ያበላሸው? ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ጥቂት ብታገኝ፣ ጥቂት ብቻ።

ሙከራው አብቅቶ ተመራማሪዋ የተረፉትን አይጦች ሆድ እየከፈተች ነበር። ሬዲዮ ትሪ ይዞላታል።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሰማያዊው ሳጥን ሲሰጠው የነበረው ምንድን ነው?"

"አሁን መናገር ይቻላል፣ አልቋል" አለች ተመራማሪዋ ቀና ሳትል። "እሱ ኪኒኑ ነው። ሆስፒታል የሚያድለው፣ የታወቀው። ቅጠሉን የምናወዳድረው በሱ ነው። እሱ ባይሠራ ኖሮ ሙከራችን ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነበር።"

እናትየዋ ወደ ሰማያዊው ሳጥን ዞረች። አይጦቹ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት ሲያደርጉ ያየችው፣ በየጠዋቱ ልጇን ስትቀሰቅስ የምታውቀው እንቅልፍ ነበር። ቤቷ ውስጥ ጠልታ ያባረረችውን እዚህ አይታ አመነችው።

"ቅጠሉስ?"

"ነጩ ውኃ ብቻ ነበር፤ ቅጠሉ ቀዩ ነው። ጥቂት ጥቂት ይይዛል፤ ግን ጉበታቸውን ጨርሶታል። ተመልከቺ።" በጓንቷ ጫፍ አንዲት ነጠብጣብ የወረራት፣ መልኳ የጠፋ ጉበት አሳየቻት። "ያሳዝናል። ብዙ ተስፋ አድርጌበት ነበር።"

"ለልጄ አጠጥቻታለሁ።"

ሬዲዮ ትሪውን አስቀመጠ። ተመራማሪዋ ጓንቷን አወለቀች።

"ከየት አግኝተሽ?"

"ከጆንያው። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ። ኪኒኗንም አስትቻታለሁ።"

ተመራማሪዋ ወደ በሩ ሄዳ ዘጋችውና ተመለሰች።

"ስሚኝ። አሁኑኑ ሂጂና ለሐኪሙ ንገሪው። ቅጠሉን በስሙ ጥሪለት። ግን ከገበያ ገዛሁት በይ። ከዚህ ቤት ወጣ ከተባለ ይዘጉታል፤ የሁላችንም እንጀራ ነው።"

"ከገበያ ነው ካልኩ የአይጦቹን ጉበት ማን ይነግረዋል?"

ተመራማሪዋ የከፈተቻትን አይጥ በጨርቅ ሸፈነች።

"ሐኪሙ ጠንካራ መድኃኒት ሊጀምርላት ነው" አለች እናትየዋ። "ደሟን ነው የሚጠብቀው።"

"ሂጂ እህቴ" አለ ሬዲዮ በዝግታ። "እንጀራ ሌላም ቦታ ይጋገራል።"

ስትደርስ የደም ውጤቱ ዘግይቶ ሐኪሙ ሳይጠብቀው ሊጀምር ነው፤ ነርሷ መርፌ ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ባልየው የልጁን እግር በብርድ ልብስ ይሸፍናል።

"ይቆዩ፣ ዶክተር" አለች እያለከለከች። "ቅድም የጠየቁኝን ልመልስ። ኪኒኗን አትወስድም። እኔ ነኝ ያስተውኳት። በሱ ፈንታ ቅጠል አጠጥቻታለሁ፤ ቅጠሉን የሰረቅኩት ከምሠራበት ላቦራቶሪ ነው። አይጦቹ ጉበታቸው ተበልቷል፤ አሁን በዓይኔ አይቼ መጣሁ።"

ሐኪሙ ነርሷን በእጁ አገዳት። ወደ ላቦራቶሪው ስልክ ደወለ። ተመራማሪዋ ይህን ያህል ደብቂ ስትል ቆይታ፣ ስትጠየቅ አንድም ነገር ሳትሸሽግ ነገረችው። ሐኪሙ ስልኩን ዘግቶ ሊጀምር የነበረውን መድኃኒት ሰረዘና በሌላ ተካው።

"ይህን ብንሰጣት ኖሮ የተጎዳውን ጉበቷን ባባስነው ነበር" አለ። "ይመለሳል አይመለስም፣ ዛሬ አልናገርም። አላውቀውም።"

ባልየው ብርድ ልብሱን አስተካክሎ ጨረሰና ቀና አለ።

"እኔ እኮ ምስክር ሆኜልሽ ነበር" አላት። "በሰው ፊት።"

"ታያት የለም እንዴ ስትተኛ? እንድትነቃ ብዬ ነው።"

"ወንድሜንም ያጠጡት እንዲድን ብለው ነው።"

ቀትር ላይ የደም ውጤቱ መጣ፤ ሐኪሙ አንብቦ ኪሱ ከተተው። ወደ ማታ ልጅቷ ጣቷን አነቃነቀች፤ ዓይኗን ሳትከፍት "እማ" አለች። እናትየዋ ወደ አልጋው ስትጠጋ ባልየው ከመሀል ገባ።

ነርሷ ጠያቂዎችን ለማስወጣት መጣች።

"አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚያድረው። እናት ትቅር፣ አባት ይውጡ።"

"እኔ ነኝ የምቀረው" አለ ባልየው። ለነርሷ ሳይሆን ለሚስቱ ነበር የሚናገረው። "ካሁን በኋላ ከእጅሽ ውኃ እንኳ አትቀምስም።"

"ልጅቷ የጠራችው እናቷን ነው" አለች ነርሷ ግራ ተጋብታ። "እርስዎ ምን ይላሉ፣ እናት?"

እናትየዋ ልትከራከር ትችል ነበር። ነርሷ ከእሷ ጋር ናት፤ ልጅቷም ጠርታታለች። የባሏን እጆች አየች፤ መሪ የለመዱ፣ ወፍራም፣ ልጅ አገላብጠው የማያውቁ እጆች ናቸው። እነዚህ እጆች ግን ምንም አላጠጧትም።

"ከያዛት በጎኗ አድርጋት" አለችው። "አፏ ውስጥ ምንም አታግባ። አትያዛት፣ እስኪተዋት ጠብቅ። ኪኒኑን ነርሷ ስትሰጣት አፏን ክፈቺ በላትና እይ፤ ከጉንጯ ሥር ትደብቃለች። እምቢ ብትል አትዘንላት።"

ባልየው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሹራቧን አወለቀችና አጣጥፋ ከልጅቷ ራስ ሥር አደረገችላት። ፊቷን አልሳመችም፤ የሳመቻት እንደሆነ የምትወጣ አልመሰላትም።

አባት ከልጁ ጋር ቀረ። እናት ሄደች።