የጉሙ ጡሩምባ

ዘመናዊ ጃዝ እንዳሻ መንፋት ነው የሚሉ አላዋቂዎች፣ ቨርና ክሌሪ አሥራ አንድ ወር ሙሉ በአንድ ዜማ ስትንገበገብ ባዩ! የባንዱ መሪና ሳክስፎን ነፊዋ ቨርና የመብራት ማማ ጠባቂ ልጅ ናት። ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከሆባርት ማዶ ባለችው ደሴት፣ ጉም ሲወርድ መርከቦችን የሚያስጠነቅቀው ግዙፍ ጡሩምባ ልጅነቷን ሙሉ አጥንቷ ውስጥ ሲጮህ ኖሯል። ያንን ድምፅ በዜማዋ ልትይዘው ብትሞክር እምቢ አላት። ዛሬ እሑድ ከሰዓት፣ በመጠጥ ቤቱ አዳራሽ ድምፁ ካልተያዘላት የኖታ ወረቀቱን ቀዳዳ ልትጥለው ምላለች።

«እስከ ዛሬ ስንቱን ቀደድሽ?» አላት ከበሮ መቺው ጆኖ።

«ያንተን ከበሮ ብቻ ነው ያልቀደድኩት። አርፈህ ተቀመጥ!»

የባንዱ ሕግ አንድ ነው፤ መድረክ ላይ ወረቀቱ ያለውን ንፉ፣ ጭቅጭቅ በኋላ። ያወጣችው ራሷ ናት።

የዜማው ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ባለክሩ ትልቅ ቤዝ ብቻውን ማጉረምረም ጀመረ። ትራምፔት ነፊው ክላይቭ ገባ። የቨርና ደም ፈላ። ድምፁ አንድ እርከን ወርዷል! ለትራምፔት ኖታ ሲጻፍ አንድ እርከን ከፍ መደረግ አለበት፤ ትናንት የክላይቭን ወረቀት ስትገለብጥ ረስታዋለች። ክላይቭ ስህተቱን እንዳወቀ ዓይኑ ይናገራል። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ወረቀቱ ያለውን ይነፋል።

ልታስቆመው እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከቤዙ ጋር የማይታረቀው የትራምፔቱ ድምፅ፣ ያ የደሴቱ ጡሩምባ ሆኖ ወለሉን እያንቀጠቀጠ መጣ። ቢራቸውን ያነሱ ሰዎች ወደ አፋቸው ማድረሱን ረሱት። የባሕሩ ጨው ሸተታት። ለካ ጡሩምባው ከባሕሩም ከነፋሱም ጋር ተስማምቶ አያውቅም ነበር፤ እሷ ናት አሥራ አንድ ወር ላስማማው ብላ የታገለችው!

እሷ የምትገባበት ተራ ደረሰ፤ በሕይወቷ ከጻፈችው ሁሉ የምትኮራበት፣ አሥራ ስድስት ባር የሚባል የኖታ ምጣኔ ያለው የብቻዋ ክፍል። ሳክስፎኗን ከአፏ አወረደች። በዚያች ደሴት እንደነበረችው ትንሽ ልጅ ቆማ ሰማች።

ሲያበቃ ክላይቭ ጠጋ አላት። «ወረቀቴ ተሳስቷል፣ አለቃ። ላርመው?»

«ብትነካው እጅህን ነው የምቆርጠው!»

«አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?» አለ ጆኖ። «ሳክስፎንሽን ብርድ መታው?»

ቨርና እርሳስ አንስታ፣ በራሷ ወረቀት ላይ አሥራ ስድስቱን ባር በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው፤ ከላያቸውም የዝምታ ምልክት ጻፈች።