የኦክታቭ ቆርቆሮ

እማማ ኦዴሊያ ከቤት ከወጡ ጀምሮ ልባቸው አልረጋም። የልጅ ልጃቸው ዜልማ እህል ሳትቀምስ የሟች ባላቸውን የኦክታቭን አኮርዲዮን አንግታ፣ ለቅዳሜ ጠዋት ጭፈራ የሰፈሩ አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥታለች። አዲሱ የአዳራሹ ባለቤት ደግሞ «በክሪዮል፣ በዚያ በአያቶቻችሁ ቋንቋ መዝፈን ቀርቷል» ብሎ አስጠንቅቋታል።

«አፈር ስሆንልሽ፣ ለዛሬ በእንግሊዝኛ ዝፈኚና በሰላም እንግባ» አሏት።

«እማማ፣ አባባ ኦክታቭ እኮ በእንግሊዝኛ መሳደብ እንኳ አይችሉም ነበር!»

ዜልማ የኦክታቭን ዘፈን በክሪዮል ጀመረች። ባለቤቱ ወዲያው መብራቱን አጠፋው። ማይክሮፎኑም ጊታሩም ዝም አሉ። ደረቱ ላይ ከኦክታቭ የቀረውን ሸንተረራም ቆርቆሮ ለብሶ ምቱን በጠርሙስ መክፈቻ የሚፍቀው ጎልማሳ የአዳራሹ ተቀጣሪ ነበርና፣ ለእንጀራው ፈርቶ ቆርቆሮውን አወለቀ።

አኮርዲዮን መብራት አይፈልግም፤ ዜልማ ቀጠለች። ምቱ ሲጠፋ ግን ጨፋሪው እግሩን ገታ። ልጅቷ ዞራ የወለቀውን ቆርቆሮ ስትመለከት እማማ ኦዴሊያ አዩ። ተነሥተው ያንን የኦክታቭን ቆርቆሮ ትከሻቸው ላይ አጠለቁት።

«ኧረ ወገብዎ!» አለች ጎረቤታቸው።

«ይቆረጥ! ኦክታቭ እኔን ያስጨፈረኝ እቤታችን በኩራዝ ብርሃን፣ አልጋና ወንበሩን ደጅ አውጥቶ ነው!»

በሁለት የጠርሙስ መክፈቻዎች ቆርቆሮውን ፋቁት። አዳራሹ በእግር ድምፅ ተናጋ። ባለቤቱ ሮጦ መጥቶ «አቁሙ!» እያለ ጮኸባቸው።

«አልሰማህም ልጄ» አሉት እጃቸውን ሳያቆሙ፣ በዚያው በከለከለው ቋንቋ፤ «ጮክ በል!»