መሮዬን ያቃጠልኩ ዕለት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሠላሳ ዓመት በድንጋይ ስስለው የኖርኩትን መሮ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እዚሁ ሶዶ ጎረቤቴ ካለው ብረታ ብረት ቤት ወስጄ በግራይንደር ፈተግሁት። ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። እንደዚያ የጋለ ብረት ይለሰልሳል፤ ዋንዛ ልበሳ ስል እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። አናጢ ሆኜ ይህን አለማወቄ ያሳፍር ነበር፤ የባሰው ደግሞ ማወቄ ነው።

የሠፈራችን ባለሱቅ አብዱሰመድ፣ «አባባ፣ የቻይና መሮ አለልዎት፣ ይውሰዱ» አለኝ። እምቢ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሚስቴ ሣራ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆነ፣ ልጄ ሜላት ሐዋሳ ናት፣ ምሳዬንም እራቴንም ብቻዬን ነው የምበላው። መሮውን የሠራልኝ ጌታነህ የሚኖረው ከሶዶ ወጣ ብሎ፣ ዱቦ ከምትባል መንደር አጠገብ ነው። ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ አንድ ቀን መብላት አማረኝ። መሮው ሰበብ ነበር።

ጌታነህ ቀጥቃጭ ነው። በእኛ የቆየ ልማድ ደግሞ ከቀጥቃጭ ቤት አይበላም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንዘምራለን፤ ቤቱ ግን ውሃ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም። ሚስቱ አስካለች ድሮ ምግብ ስታቀርብልኝ ሁልጊዜ ሰበብ እፈጥር ነበር። ኋላ ተወችው።

በሚኒባስ ሄድኩ። ጌታነህ «ሳሮ፣ ባዳቾ?» ብሎ ሰላም አለኝና ደጅ ላይ በርጩማ አወጣልኝ። መሮውን ሲያይ «ሰውዬ፣ ገደልከው እኮ!» ብሎ ተቆጣ። ወናፉን እየነፋ ወሬ ጀመረ። ቅድመ አያቶቹ ብረቱን ራሱን ከድንጋይ ያወጡ ነበር፤ አባቱ ካረጀ ዶማ መሮ ይሠራ ነበር፤ የእኔው ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነው። «ቅርጹ ግን ያው ነው» አለ። አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ጠርጎ እንደገና ወደ ፍሙ አስጠጋው፣ ጫፉ የገለባ መልክ ሲይዝ መልሶ ነከረው። እንዲህ ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከውስጥ የቦይና ሽታ መጣ፤ ጎደሬው ተቀቅሎ ቅቤ ተደርጎበታል። አስካለች ብቅ ብላ «ቀርቧል» አለችው። ለእሱ ነው።

ጌታነህ መሮውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «በል ሂድ፣ መኪና እንዳያመልጥህ። እኛም ምሳችንን እንብላ።» ክፋት የለበትም፤ እኔው ራሴ ያስለመድኩት ነው።

እንደምንም ደፈርኩ። «ለእኔስ አታቀርቡም?»

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ጌታነህ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አስካለች፣ ሰማሽ? ባዳቾ በስተርጅና ቀልድ ለመደ!» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ገባ፤ እሷም እየሳቀች ተከተለችው።

የእጄን ነው ያገኘሁት። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።