የፍልሰታ ቅቤ

ወልቂጤ ላይ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል፤ እሌኒ ግን ቤት ውስጥ መቀመጥ አልሆነላትም። ቁጭ ትልና ትነሳለች። መጋረጃውን ገልጣ መንገዱን ታያለች፣ ትመልሰዋለች፣ ደግሞ ትገልጠዋለች። ቤቷ ከአውራ ጎዳናው ዳር ስለሆነ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ጭቃውን እየረጨ በደጇ ነው የሚያልፈው። በ1961 ዓ.ም. ክረምት ያን መንገድ የእሌኒን ያህል ያየ ሰው ቢኖር ትራፊክ ፖሊሱ ብቻ ነው፤ እሱም ደመወዝ ይከፈለዋል።

ከደብረ ብርሃን የመጣችው ባሏን አዳነን ተከትላ ነው። አዳነ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ደግ ሰው፣ ዝምተኛ ሰው፣ ራቱን በልቶ እግሩን ታጥቦ "ተመስገን" ብሎ የሚተኛ ሰው። በአራት ዓመት ትዳር አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ደግ ቃልም ቢሆን ብዙ አልወጣውም። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ ነገሩ ግን ማታ ማታ ከሁለቱ መሀል ይተኛል።

ሰኔ ሲያልቅ እሌኒ ቆረጠች፤ ትሄዳለች። ታላቅ እህቷ ዓለምዘውድ አዲስ አበባ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታለች። ለፋሲካ መጥታ የእህቷን ፊት አየችና፣ "ነይ አብረን እንሥራ፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው በጳጉሜንና በመስከረም ነው፣ ከዚያ በፊት ድረሺ። ብቻ ባዶ እጅሽን አትምጪብኝ" አለቻት። ወርቅ የላት፣ ጥሪት የላት፣ እሌኒ ምን ይዛ ትሂድ? አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውጆ ቅቤ።

ውጆ የጉራጌ ሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ የየድርሻቸውን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ተራ ለደረሳት ያመጡላታል፤ የሷ ማሰሮ ሲሞላ ደግሞ ወደ ሌላዋ ይዞራል። እሌኒን ያስገባቻት ጎረቤቷ እትዬ ከድጄ ናት፤ የውጆው ዳኛ፣ የሰፈሩም ጭምር። "ላም የለኝም እኮ" ስትላት፣ "ገበያ አለልሽ" አለቻት፤ በቃ። ዕጣ ሲወጣ ለእሌኒ የደረሳት የመጨረሻው፣ የመስቀል ሰሞን ሆነ። ለመስቀል ደግሞ ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ፣ ተማሪው ለብሶት፣ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።

ስለዚህ ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ሴቶቹ ከድጄ ቤት እንደተሰበሰቡ፣ እሌኒ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ተራዬ ወደዚህ ቢመጣልኝ" አለች።

ወሬው ቀጥ አለ። ቅቤ ታድበለብል የነበረችው ዘይባ እጇ ባለበት ቀረ። ከድጄ እሌኒን ረጋ ብላ አየቻት።

"በጾምሽ?"

"በጾሜ።"

"የሚቀጥለው ሐሙስ የአሚኔ ነበር። አሚኔ፣ ምን ትያለሽ?"

"ትውሰድ፤ በደስታ ትውሰድ" አለች አሚኔ፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

እሌኒ ጭሱ መሰላት። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው አለመኖሩ ገረማት። ስንት ቀን ስታወጣና ስታወርድ ያሰናዳችው ውሸት ሳይነገር እዚያው አፏ ውስጥ ቀረ። ቅቤውን ይዛ ብትሄድ የነዚህን ሁሉ ሴቶች ላብ ይዛ መሄዷ እንደሆነ አላጣችውም። አውቃው ነበር፤ አውቃም አድርጋዋለች።

በተባለው ሐሙስ ቅቤው መጣ። ከድጄ ራሷ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥራ፣ ማሰሮው ውስጥ ገልብጣ፣ አፉን በቅጠል አሰረችው። "እንዲቆይልሽ ነው" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰፈሩን ምን እንደነካው እንጃ። እሌኒ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ዘይባ ሮጣ ከጀርባዋ ላይ ትነጥቃታለች። እንጨት ልፍለጥ ስትል የአሚኔ ባል ፈልጦ ደርድሮ ታገኘዋለች። ጠዋት ጠዋት ከከድጄ ቤት ትኩስ የገብስ አጥሚት ይመጣል፤ ወተት የሌለው፣ ለጾመኛ የሚሆን። እሌኒ የጉራጌ ደግነት ክረምት ላይ የሚብስ መሰላት፤ ብርዱ ይሆናል ብላ ጠጣችው።

ጭንቋ በዛ። ሊከዱት ካሰቡት ሰው እጅ አጥሚት መጠጣት ቀላል አይደለም። ይባስ ብሎ፣ ከተማው እሷ ልትለየው ስትነሳ ማማር ጀመረ። ወይም ድሮም እንዲሁ ነበረና ያየችው አሁን ነው።

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ መሀል መንገድ ላይ ያዛቸው፣ እሌኒን፣ ዘይባንና አሚኔን። ያላቸው አንድ ጃንጥላ፣ እሱም ቀዳዳ ነው። ሦስቱም ተጣብቀው ገቡበት፤ ውሃው በቀዳዳው እየገባ የዘይባን ማጅራት ብቻ ይመታታል። "እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀኝ ይሄ ዝናብ!" ብላ ስትጮህ አሚኔ በሳቅ ጉልበቷ ከዳትና የሰው በረንዳ ላይ ዝርፍጥ አለች። እሌኒም ሳቀች፤ ጎኗን እስኪወጋት ድረስ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ነጠላዋን ስትጨምቅ ግን ንድድ አላት። የሚሄድ ሰው ምን ያስቀዋል?

ሌላ ቀን ደግሞ ረፋዱ ላይ ደመናው ድንገት ተከፈተ። ሰፈሩ ማንም ሳያዘው እኩል ወጣ። ጅባው፣ አጎዛው፣ ብርድ ልብሱ፣ የሕፃን ጨርቁ በየአጥሩ ላይ ተዘረጋ፤ ከየጣሪያው እንፋሎት ይነሳ ጀመር፤ ሰው ሥራውን ፈቶ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆመ። እሌኒም ጅባዋን አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሙቀቱ በጉንጯ ላይ ሲወርድ እያዳመጠች ቆመች። ዓይኗን የገለጠችው የናፍጣ ሽታ ሲመጣባት ነው። አውቶቡሱ በጀርባዋ አልፎ ሄዷል፤ እሷ አላየችውም። ከሰኔ ወዲህ ሳታየው ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው። አንድ ነገር እንደተሰረቀባት ሰው ደነገጠች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልብሷን ሸክፋ አልጋ ሥር አስገባች፤ እንዲህ ያለ ፀሐይ ሁለት ሦስቴ ከወጣ እግሯ እንደማይነሳ ገባት።

ፍልሰታ ተፈታ። በማግስቱ አዳነ ከዳኛው ጋር ለችሎት ወደ እምድብር በበቅሎ ወጣ። ሲሄድ በር ላይ ቆሞ፣ "ቆርቆሮው የሚያፈሰውን ስመለስ አያለሁ" አላት። ሊሄድ ዞር ብሎ ተመለሰና፣ "ይበርድሻል፣ ብርድ ልብሱን ደርቢ" አለ። ከእሱ አፍ ይህ ንግግር ነው። ጀርባውን ጭጋጉ እስኪውጠው አየችውና ወደ ውስጥ ገባች።

አውቶቡሱ የሚያልፈው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እሌኒ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች፣ ማሰሮውን በነጠላ ቋጠረች፣ ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ መጋረጃውን ገለጠች። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ዘይባ ገባች። እሌኒ ሻንጣውን በእግሯ ገፋችው።

"አሰላሙ አለይኩም። ብቻሽን ነሽ?" ዘይባ ወደ ኋላዋ አየት አድርጋ ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አወጣች። አንቀልባ ነው። ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ፣ ቆዳው ከማገልገል ብዛት የለሰለሰ፣ አዲስ ቅቤ የተቀባ። "አራቱንም ያዘልኩበት ነው። አልሰጠሁሽም፣ አውሼሻለሁ።"

"ምን ላድርገው?" አለች እሌኒ።

"ዝም በይ፣ አውቃለሁ፤ ሳይታይ አይወራም። እትዬ ከድጄ ብትሰማ ምላሴን ትቆርጠዋለች። ግን እኮ እሌኒዬ፣ ሴት ተራዋን ስታስዘልል ቅቤው ለአራስ ቤቷ እንደሆነ እዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ? ያውም በጾምሽ። አንቺ ልትበይው አይደለ። አሚኔማ ያን ለታ ስታለቅስ አደረች፣ በደስታ።" አንቀልባውን አልጋው ላይ አኑራ፣ የእሌኒን ትከሻ ጫን አድርጋ ነካችና፣ ልጆቿን በር ላይ ትታ እንደመጣች ተናግራ ሮጠች።

እሌኒ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። እንስራው፣ እንጨቱ፣ አጥሚቱ፣ ሁሉም ፊቷ ተደረደረ። ሐፍረት ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጆሮዋን አቃጠላት። ከሐፍረቱ የከፋው ግን ሌላ ነው። ዘይባ "አራስ ቤት" ባለች ጊዜ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ እሌኒም አምናው ነበር። እጇ ሳታዘው ሆዷ ላይ አርፏል፤ አሁንም እዚያው ነው። አነሳችው።

ጡሩምባው ከወዲያ ተሰማ። እሌኒ ማሰሮውን ታቅፋ ወጣች። ሾፌሩ ቋጠሮ ይዛ ሲያያት መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገ፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ "አዲሳባ ነሽ?" አላት። እሌኒ ማሰሮውን አጥብቃ ያዘች። እግሯ ግን አልጠበቃትም፤ በአውቶቡሱ ፊት ለፊት መንገዱን አቋርጣ ከከድጄ ደጃፍ ደረሰች። ከኋላዋ ረዳቱ አንድ ነገር ሲል ሰዉ ሳቀ፣ መኪናውም ሄደ።

ከድጄ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። እሌኒ ማሰሮውን ከፊቷ አስቀመጠችና፣ እንደቆመች፣

"እትዬ ከድጄ፣ ነፍሰ ጡር አይደለሁም" አለች። "ሆኜም አላውቅም። ቅቤውን የፈለግሁት ሸጬው ልሄድ ነው፤ ባሌንም እናንተንም ትቼ።"

ከድጄ በእጇ የያዘችውን ቅጠል ቀንጥሳ ጨረሰች። ሌላ አላነሳችም።

"ለምን?"

"ቤቱ ዝም ይላል" አለች እሌኒ። "ክረምት ሲሆን ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ልጆቹን ያሞቃል። እኔ ዝናብ እቆጥራለሁ። አራት ዓመት።"

ዝናቡ እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ። ከድጄ ማሰሮውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እሌኒ መልሳ ገፋችው።

"ስሚ ልጄ። ተራ የሚዘለለው ለሁለት ነገር ነው፤ ለአራስና ለሐዘንተኛ። ቅቤው የሚገባቸው እነሱ ናቸው፣ ለምን ተብለው አይጠየቁም። እኛ የመጀመሪያው መሰለን። ሁለተኛው ኖሯል።"

"ምን ሞተብኝና?"

"አራት ዓመት ብቻሽን ያለቀስሽለት አለ አይደል? እሱ ነዋ። ለቅሶ ለብቻ አይለቀስም። ነውር ነው፤ ያንቺም ነውር ነው፣ የኛም ነው።" ወደ ጓሮ ዞራ ተጣራች። "አሚኔ! አሮጊቷን ሀሊሜን ጥሪያትና ኑ። ለቅሶ አለብን በያት።"

የማን ለቅሶ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሴቶቹ ሻሻቸውን እያጠበቁ አንድ በአንድ ገቡና ጅባው ላይ ተቀመጡ። እሌኒ ከደብረ ብርሃን ከወጣች ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ለታ አለቀሰች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ከድጄ ራሷን ይዛ አቀፈቻት። ሲበቃ በቃ። አሚኔ አፍንጫዋን ጠረገችና ትኩስ የበቆሎ እሸት ለየእጁ አደለች፤ ጥርስ የሌላት ሀሊሜ እሸቱን እያየች፣ "ለኔ ሽታውን ነው የጋበዝሽኝ?" አለቻት፤ ሳቅ ሆነ። እሌኒ የበቆሎው ሙቀት በደነዘዘ እጇ ውስጥ ሲገባ ተሰማት። ደስ አላት፤ ይህን ጊዜ አልተናደደችም። ቢሆንም ልቧ ሙሉ በሙሉ አልተቀመጠም፤ አንድ ጆሮዋ አሁንም መንገዱ ላይ ነው።

ዘይባ መጨረሻ መጣች። ነገሩን ደጅ ላይ ነግረዋት ኖሮ ከበሩ ሥር ቁጭ አለች፤ ቀና ብላ ማየት አፈረች።

"ዘይባ፣ አንቀልባሽ አልጋዬ ላይ ነው" አለች እሌኒ። "ሳልመልስልሽ አልሄድም።"

"ይቀመጥ" አለች ዘይባ፣ ወለሉን እያየች። "እኔስ ምን አደርገዋለሁ፣ ልጆቼ አድገዋል።"

ከውጭ ሌላ መኪና እያጓራ አለፈ፤ ሴቶቹ ሁሉ እሌኒን አዩ፣ እሌኒ አላየችም። የማሰሮውን ቅጠል ፈታች። ጎመኑ ላይ ጨመረች፣ ጨመረች፤ ከድጄ "ኧረ ይበቃል" እስክትል ጨመረች።

"የሚቀጥለው ሐሙስ የማን ነው?" አለች።

"የአሚኔ።"

"እንግዲያው ነገ ገበያ እወርዳለሁ፤ ቅቤ ልገዛ።"

"ጃንጥላውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው" አለች ዘይባ።