ውጭ ያደረ ሞተር

«አልሰጥህም አልኩ እኮ፣ አባዬ! ቁልፉን ከፈለግህ ሆዴን ቀደህ አውጣው።»

«እንግዲያው ዋጥሽው? በልጅነትሽም ያገኘሽውን ብሎን ሁሉ አፍሽ ውስጥ እየከተትሽ አሳራችንን አሳይተሽናል» አለ አባቷ።

ከጋራዡ ጥግ ተቀምጣ የሞተር ወንበር ልባስ የምትሰፋው እናት የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ጭቅጭቁ ከጠዋት ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነው። አባቷ ምድር በረዶ በለበሰች ቁጥር አሮጌ ሞተሩን ጭኖ ይወጣና፣ ከተራራው ላይ ካለው ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ አምስት ቀን ብቻውን ያድራል። ይህን ሲያደርግ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሰው ብርድ ሲሸሽ እሱ ብርድ ፍለጋ ስለሚሄድ የሰፈሩ ሰው «ፍሬን አልባው» ብሎ ሰይሞታል። ዘንድሮ ግን ነገር ተለውጧል። ከአራት ወር በፊት አንድ ጠዋት ወድቆ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ግራ እጁ እንደ ልቡ አይታዘዘውም፤ ክላች የሚያዘው ደግሞ በግራ እጅ ነው።

«ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎኛል።»

«ሐኪሙ በረዶ ላይ ስትነዳ አላየህም።»

«አንቺስ መቼ አየሽኝ?»

እውነቱን ነው፤ አይታው አታውቅም። አብራው እየሠራች፣ መፍቻ እያቀበለችው አድጋ፣ አንድም ቀን ተከትላው ወጥታ አታውቅም። ዓይኗ ደጅ በተደረደሩት ሞተሮች ላይ አረፈ። በዚህ ጋራዥ አባቷ ያወጣው የማይታጠፍ ሕግ አለ፤ የተጠገነ ሞተር ውጭ አድሮ ጠዋት ካልተነሣ ለባለቤቱ አይሰጥም። ደንበኛ ቢለምንም፣ ቢሳደብም ያው ነው።

«እሺ» አለች። «አንተም የተጠገንክ ነህ። አንድ ሌሊት ውጭ ታድራለህ። አብሬህ እመጣለሁ፤ እጄን ግን እንዳላስገባ ቃሌ ነው። ሁሉንም በራስህ ከሠራህ ሂድ፣ አምስት ቀንህን እደር። ካቃተህ ሞተሩ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ዋስትናስ የስንት ወር ልትሰጪው ነው?» አለች እናት፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ቅዳሜ ቁልፉን ሰጠችውና ተነሡ። ልጅቷ በራሷ ሞተር ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ግራ እጁን ከዓይኗ አላጠፋችም። ጥላ ያለበት ኩርባ ሁሉ ውርጭ ይዟል። እሱ ገና ኩርባው ሳይደርስ ማርሹን ቀንሶ ይጠብቃል፤ ክላቹን በድንገት መያዝ እንዳይኖርበት አስቦበታል። ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አናደዳት።

ሐይቁ ዳር መሬቱ ከመጠጠሩ የተነሣ ካስማ አልገባ አለ። ገመዱን በትልልቅ ድንጋይ ላይ አሰረ፤ ቋጠሮውን በቀኝ እጁና በጥርሱ እየሳበ። እሷ እጇን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ቆመች። ድንኳኑ እስኪቆም አንድ ሰዓት ሞላ። ከዚያ የሞተሩን ዘይት ገና ትኩስ ሳለ ጣሳ ውስጥ አፈሰሰው። እንዲህ ባለ ብርድ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ ካደረ እንደ ማር ይረጋል፤ ስለዚህ ጠዋት እሳት ላይ አሙቆ ይመልሰዋል። ባትሪውንም ብርድ እንዳያደክመው ፈትቶ፣ አቅፎት ሊያድር መኝታ ከረጢቱ ውስጥ እየከተተ፣

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለ።

እሳቱን ከበው ሳሉ ለምን ብቻውን እንደሚመጣ ጠየቀችው። ፍሙን ቆሰቆሰ።

«ሆስፒታል ሳለሁ ሁሉም ‹ተወው፣ እኛ እናደርግልሃለን› ይለኝ ነበር። እዚህ ውሃ ካልጣድኩ ውሃ አይፈላም።»

ሲነጋ እሷ ቀድማ ነቃች። የበረዶ ብናኝ ይወርዳል። ጣሳው ከፍሙ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከባድ ነው፣ የሞተሩ የዘይት አፍ ደግሞ ጠባብ። የማይታዘዘው ግራ እጁ ታያት። ዘይቱን ፍሙ ላይ አሙቃ፣ ጠብታ ሳታፈስ ሞተሩ ውስጥ ጨመረችው፣ ጣሳውን ከነበረበት መልሳ ገብታ የተኛች መሰለች። ቃሏን ማፍረሷ ትዝ ያላት ብርድ ልብሱን ከተከናነበች በኋላ ነው።

ስትወጣ አባቷን ከባዶው ጣሳ ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ባትሪውን ገጥሟል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ በእጁ ይዟል።

«ሞልቷል» አለ። «ጨምሬዋለሁ ማለት ነው። መቼ እንደሆነ ግን አላስታውስም።»

እሷ ነካችው ብሎ ለማሰብ እንኳ አልሞከረም፤ ከገዛ ጭንቅላቱ ይልቅ የልጁን ቃል ያምን ነበር።

«ሐኪሙ ‹መርሳት ከጀመርክ ተመለስ› ብሎኝ ነበር። እኔ እጄን ስጠብቅ፣ ለካ በሽታው በሌላ በር ገብቷል።» ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «በቃ። ሕግ ሕግ ነው።»

ተቀበለችው። አራት ወር ሙሉ የተመኘችው ነገር መዳፏ ውስጥ ገባ። ከእንግዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር መደንገጥ የለም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ዝም አለችም። አባቷ ድንኳኑን ሊነቅል ጎንበስ አለ። አንዱን ገመድ ያዘ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘና ቀና ብሎ፣

«ይሄ ቀድሞ ነው የሚፈታው፣ ወይስ ያኛው?» ሲል ጠየቃት።

ሠላሳ ዓመት የፈታውን ገመድ ነው።

«አባዬ» አለች፣ «ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ቃል ገብተሽልኝ?»

«ገብቼልህ።»

«ጃጀሁ ብዬ ራሴን ስቀብር፣ ቆመሽ አፈር ታለብሺኛለሽ?»

 ቁልፉን ዘረጋችለት፤ አልተቀበላትም። ጣሳውን አንሥቶ ሞተሩ ሥር አስቀመጠና ዘይቱን እንደገና አፈሰሰው። ከዚያ እሳቱን ቀሰቀሰ፣ አሞቀው፣ ጣሳውን በሁለት እጁ አቅፎ የሞተሩ የዘይት አፍ ላይ አዘነበለ። ግራ እጁ ላላበት። አንድ ሲኒ ያህል በረዶው ላይ ፈሶ ጠቆረ። ልጅቷ እንዳትነሣ መዳፎቿን ከበታቿ አድርጋ ተቀምጣለች።

ክዳኑን ካጠበቀ በኋላ መለኪያውን ከትቶ አወጣና አፍንጫዋ ሥር አመጣላት። «አንብቢ።»

«ይበቃል።»

ያኔ ቁልፉን ወሰደ። ሞተሩ በሦስተኛው ምት ተነሣ። እስከ ቤት ድረስ አላናገራት፤ በየኩርባው ግን እጁን እየዘረጋ ውርጩን አመለከታት።

በሳምንቱ ሰኞ አንድ ደንበኛ የእህቱ ባል ልኩ ያልሆነ ጎማ በመዶሻ ሊያስገባ ሲታገል እንዴት ጠርዙን እንዳጣመመው ይተርክ ነበር። እናት ከስፌቷ ላይ ሆና «ደግሞ በመዶሻ!» እያለች ታጅበዋለች። ልጅቷ የተጣመመውን ጠርዝ እያሽከረከረች ታያለች። አባቷ ድንኳን የተጫነበትን ሞተር በመካከላቸው እየገፋ ሲያልፍ፣ ደንበኛው ወሬውን ሳያቋርጥ እግሩን ሰብሰብ አደረገለት። ደጅ ላይ ሞተሩ ተነሣ፣ አንዴ ነጠር አለ፣ ከዚያ ድምፁ ወደ ላይኛው መንገድ እየራቀ ሄደ።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች ልጅቷ ለደንበኛው።