የማልካይ አንድ እግር ጫማ

እኛ በኦሮንቶስ ወንዝ ዳር ያለን ምእመናን አንድ ደንብ አለን። መንገደኛ ነቢይ ሁለት ሌሊት ያድራል። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያው ከተገኘ፣ ያመጣው ሆዱ እንጂ መንፈስ አይደለም ይባላል፤ የተናገረውም ቃል ይጣላል።

ነቢዩ ማልካይ ያረፈው እኔ ቤት ነበር። እግሩ በጠጠር የተላላጠ፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነው። እሑድ ማዕድ ላይ ተነሥቶ የልጅ ልጄን ሹሻንን አያትና፣ «ይህች ልጅ ወደ ቆጵሮስ ትሂድ፤ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን መጽሐፍ የሚያነብላቸው የለም፤ መንፈስ እንዲህ ይላል» አለ። የሹሻን ፊት በራ። እኔ የያዝኩትን የወይራ ሳህን ማዕዱ ላይ አስቀመጥኩ። እናቷን የበላው ያው ባሕር ነው። ፊደል ያስቆጠርኳትም እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የራሴ።

ሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ሊወጣ ሲል የግራ ጫማው ጠፋ። የገብስ ቅርጫት ውስጥ የደበቅኩት እኔ ነበርኩ።

«እማማ፣ ጫማዬን ውሻ ወሰደብኝ እንዴ?»

«ውሻ የለንም፣ ልጄ።»

«ጉድ ነው! የራሱን ጫማ ማግኘት ያቃተው ነቢይ» ብሎ ሳቀ።

ቁስሉን በዘይት አሸሁለት። «በዚህ እግርህ ድንጋዩን አትችለውም። ትንሽ ጋደም በል፤ ፀሐይዋ ሳትገባ እቀሰቅስሃለሁ» አልኩት። አመነኝና ተኛ። አልቀሰቀስኩትም።

ፀሐይ እንደ ገባች ሽማግሌያችን አባ ኤውቦሎስ በደጅ ሲያልፍ አየው። «አንተ ሰው፣ አሁንም እዚህ ነህ?»

ማልካይ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወለሉን አየሁ። «አለሁ፣ አባ» አለ። በማግስቱ በአንድ ጫማ እያነከሰ ወደ ሴሌውቅያ ወደብ ወረደ። የሰፈሩ ሰው ከኋላው «የሆድ ነቢይ!» ይለው ነበር።

ሹሻን አላለቀሰችም። «ቃሉ ከእግዚአብሔር አልነበረም ማለት ነው፣ አያቴ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ደንቡ ነው ያለው።»

ከዚያ ወዲያ አብራኝ ትበላለች፣ አብራኝ ትፈትላለች፤ እኔ ግን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

እሑድ ደረሰ። አባ ኤውቦሎስ እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት እንደ ልማዱ፣ «ባልንጀራውን የበደለ፣ እስኪታረቅ ድረስ እጁን ከማዕዱ ይሰብስብ» አለ። እጄን ሰበሰብኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው መበለቷ ሐና በክርኗ ጎሰመችኝ። «ምን ሆንሽ? ጥርስሽን አመመሽ?»

ጫማውን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ማዕዱ ላይ አኖርኩት። «ማልካይን ያቆየሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

አባ ኤውቦሎስ ጫማውን አየና፣ «ታዲያ ቃሉ እውነት ነበር ትያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም፣ አባ። የማውቀው መፍራቴን ነው። ፍርሃቴን ደንብ አለበስኩት።»

ያን ቀን ጉባኤው ሁሉ እህል ሳይቀምስ ጸለየ። ከዚያ መሄድ ትፈልግ እንደ ሆነ ሹሻንን ጠየቋት። «ቃሉን ከመስማቴ በፊትም ልቤ እዚያ ነበር፤ አያቴን ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት» አለች። እኔ እሷን ስፈራላት እሷ ደግሞ እኔን ስትፈራ ኖረናል ለካ።

ጉባኤውም «ትሂድ» አለ፤ ነፋስ ስለሌለ ማልካይ የሚሳፈርበት የቆጵሮስ መርከብ ገና ከወደቡ አልተነሣም ተባለ። ሐና አብሬያት ካልሄድኩ ብላ ጓዟን ሸከፈች።

«ከመርከቡ ጠርዝ አትቁሚ። ራስሽን ተከናነቢ። ያላፈላሽውን ውኃ አትጠጪ» አልኳት ሹሻንን።

«እሺ አያቴ፣ ይኼን ስትነግሪኝ ሰባተኛሽ ነው» ብላ አቀፈችኝ። የማልካይን ጫማ በእጇ አንጠልጥላ ወረደች፤ መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር ጫማው ሲወዛወዝ አየው ነበር።

ወገኖቼ ደጎች ናቸው፤ በየማዕዱ ከመካከላቸው ያስቀምጡኛል። ማታ ግን ሁለት ሳህን አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ። መንገደኛ ሲያርፍብኝ ሁለቱንም ጫማ ደጁ ላይ፣ ከዓይኑ ፊት፣ ጎን ለጎን አኖርለታለሁ። ከዚያ በቆጵሮስ በኩል አልፎ እንደ ሆነ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን ያለፈ የለም።